አስቀድሞ የሚገምት አንጎል፦ የፓርኪንሰን በሽታና የፈንክሽናል ነርቭ መታወክ ምርምር ምን ያስተምረናል?

በ2015 በአሜሪካዋ ሲንሲናቲ ከተማ የሚሠሩ የነርቭ ሐኪሞች ለየት ያለ ጥናት አሳተሙ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ለ12 የፓርኪንሰን ታካሚዎች አንድ አዲስ መድኃኒት በሁለት ዓይነት አዘገጃጀት በመርፌ እንደሚሰጣቸው ተነገራቸው። ሁለቱ እኩል ይሠራሉ ተብሎ እንደሚታሰብ፣ የሚለያዩት በዋጋቸው እንደሆነም ሰሙ፤ የአንደኛው አንድ መርፌ 100 ዶላር፣ የሌላኛው 1,500 ዶላር ያወጣል ተባሉ። በሁለቱም መርፌዎች ውስጥ የነበረው ግን የጨው ውሃ ብቻ ነው። ታካሚዎቹ «ውዱን» ከተወጉ በኋላ «ርካሹን» ከተወጉ በኋላ ከነበሩት ይልቅ በተሻለ ሁኔታ ተንቀሳቀሱ። የመሻሻሉ መጠንም በርካሹ መርፌና ሌቮዶፓ በተባለው እውነተኛ መድኃኒት መካከል የሚያርፍ ሆኖ ተገኘ።

ከዚህ ተነሥቶ «ሕመማቸው እውነተኛ ባይሆን ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። ይህ ፈጽሞ የተሳሳተ ነው። በጥናቱ የተሳተፉት ሰዎች መካከለኛ ወይም ከባድ ደረጃ የደረሰ ፓርኪንሰን ያለባቸው፣ የአንጎል ሴሎቻቸው በእርግጥ የተጎዱ ሰዎች ነበሩ። ጥናቱ ያሳየው ሌላ ነገር ነው፦ አንጎል ሊመጣ ነው ብሎ ለሚጠብቀው ነገር፣ ነገሩ ሳይመጣም፣ በአካል መልስ ይሰጣል። ይህን አንድ ሐሳብ አጥብቆ የያዘ ሰው በፓርኪንሰን ምርምር ውስጥ ያሉትን ብዙ ግራ የሚያጋቡ ውጤቶች ይረዳል። ከዚያም አልፎ ለረጅም ጊዜ ሲናቅና ሲገፋ የኖረውን የፈንክሽናል ነርቭ መታወክ የተባለውን ሕመም (ነርቮቹ ሳይበጠሱ አሠራራቸው የሚታወክበትን) በአዲስ ዓይን ያየዋል። ሁለቱን ሕመሞች በአንድ ጽሑፍ ያገናኘኋቸው ለዚህ ነው።

የዶፓሚን ሁለት ሥራ

ለንደናዊው ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን በ1817 በሽታውን ሲገልጽ የተመሠረተው በስድስት ሰዎች ላይ ነው፤ ከእነሱም አንዳንዶቹን ያስተዋላቸው መንገድ ላይ አይቷቸው ነበር። በኋላ በሽታውን በፓርኪንሰን ስም እንዲጠራ ያደረገው ፈረንሳዊው የነርቭ ሐኪም ዣን ማርተን ሻርኮ ነው። ዛሬ ይህ በሽታ በዓለም ላይ በፍጥነት ከሚስፋፉት የነርቭ ሕመሞች አንዱ ሆኗል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ከ8.5 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከበሽታው ጋር እንደሚኖሩና ቁጥሩ በ25 ዓመታት ውስጥ እጥፍ እንደሆነ ገምቷል።

ብዙ ሰው ፓርኪንሰንን የሚያውቀው በእጅ መንቀጥቀጥ ነው። ሐኪሞች ግን በመጀመሪያ የሚፈልጉት የእንቅስቃሴ መዘግየትን ነው፦ ጣት ከጣት ጋር ሲነካካ እንቅስቃሴው እያነሰና እየቀዘቀዘ መሄዱን፣ የእጅ ጽሑፍ እየጠበበ መምጣቱን፣ በእርምጃ ጊዜ አንዱ ክንድ አለመወዛወዙን። በዚህ ላይ እጅ አርፎ ሳለ የሚታይ መንቀጥቀጥ ወይም የጡንቻ ግትርነት ይጨመራል። በብዙ ሰዎች ላይ ደግሞ ከእነዚህ ምልክቶች ዓመታት ቀድሞ የማሽተት ችሎታ ይቀንሳል፣ ሆድ ይደርቃል፣ ሰውየው በእንቅልፉ ሕልሙን በአካሉ እየተወነ ይጮኻል፣ ይራገጣል። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ወደ ኋላ ላይ ያስፈልገናል።

የእንቅስቃሴው መዘግየት ዋና ምንጭ በአንጎል ግንድ ላይ የሚገኝ፣ ሰብስታንሺያ ናይግራ የሚባል ትንሽ ጠቆር ያለ ክፍል ነው። በዚያ ያሉት ሴሎች ዶፓሚን የተባለውን ኬሚካል ያመነጫሉ፤ ሲሞቱ ዶፓሚኑም ይጎድላል። ይህ የታወቀው ደረጃ በደረጃ ነው። ስዊድናዊው አርቪድ ካርልሰን በ1950ዎቹ መጨረሻ ዶፓሚናቸው ተሟጥጦ መንቀሳቀስ ላቃታቸው ጥንቸሎች ሌቮዶፓ ሲሰጣቸው እንደገና ተንቀሳቀሱ። በ1960 ቪየና ውስጥ ኦሌህ ሆርኒኪየቪችና የሥራ ባልደረባው በፓርኪንሰን የሞቱ ሰዎችን አንጎል መርምረው የዶፓሚን ጉድለቱን አረጋገጡ። በ1967 ደግሞ ጆርጅ ኮትዚያስ በኒውዮርክ ዶፓን (ሌቮዶፓ የሚገኝበትን ውህድ) በአፍ፣ መጠኑን ቀስ በቀስ እያሳደገ በመስጠት የታካሚዎችን እንቅስቃሴ በጉልህ አሻሻለ። ካርልሰን በ2000 የኖቤል ሽልማት ከተቀበሉት አንዱ ሆነ። ሌቮዶፓ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ዛሬም ከማንኛውም የፓርኪንሰን መድኃኒት የበለጠ ኃይል አለው።

አሁን ወደ ቁልፉ ነገር እንምጣ። ዶፓሚን እንቅስቃሴን ብቻ የሚያገለግል ኬሚካል አይደለም። አንድ ጥሩ ነገር ሊመጣ ነው ብለን ስንጠብቅ አንጎል የሚናገርበት ቋንቋም ዶፓሚን ነው። ስለዚህ የፓርኪንሰን ታካሚ «መድኃኒት ሊሰጠኝ ነው» ብሎ ሲጠብቅ የሚነቃቃው ሥርዓት በበሽታው የተጎዳው ሥርዓት ራሱ ነው። በ2001 በካናዳ ቫንኩቨር የሚገኙ ተመራማሪዎች ይህንን በአንጎል ምስል አሳዩ፦ መድኃኒት የሌለበት ማስመሰያ፣ ማለትም ፕላሴቦ፣ የወሰዱ ታካሚዎች አንጎል የራሱን ዶፓሚን ጉልህ በሆነ መጠን ለቀቀ። በ2010 ከዚሁ ቦታ የወጣ ሌላ ጥናት ነገሩን አጠለቀው። ታካሚዎቹ እውነተኛውን መድኃኒት የማግኘት ዕድላቸው 25፣ 50፣ 75 ወይም 100 በመቶ እንደሆነ በቡድን በቡድን ተነገራቸው፤ የተሰጣቸው ግን ሁሉም ፕላሴቦ ነው። ዶፓሚን ጎልቶ የተለቀቀው 75 በመቶ በተባሉት ላይ ነበር። እርግጠኛ የሆነ ሰው የሚጠብቀው ነገር የለም፤ ዕድሉ ጠባብ የሆነ ሰውም ብዙ አይጠብቅም፤ አንጎልን ይበልጥ የሚያነቃው ጥርጣሬ የተቀላቀለበት ተስፋ ሳይሆን አይቀርም።

ለምን በዕጣ፣ ለምን በስውር?

ይህ ሁሉ ለተመራማሪው ከባድ ፈተና ነው። አዲስ መድኃኒት የወሰዱ ሰዎች ተሻላቸው ማለት ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። ታካሚዎቹ በዕጣ ለሁለት መከፈል፣ አንዱ ክፍል መድኃኒቱን ሌላው ማስመሰያውን መውሰድ፣ ታካሚውም ሆነ የሚመረምረው ሐኪም ማን የትኛውን እንደወሰደ ሳያውቁ መቆየት አለባቸው። ሐኪሙም ሳያውቅ የሚባለው አለምክንያት አይደለም። የፓርኪንሰን ደረጃ የሚለካው በአብዛኛው በዓይን ነው፤ ሐኪሙ ታካሚውን ጣቱን እንዲያነካካ፣ ከወንበር እንዲነሣ፣ እንዲራመድ እያደረገ ነጥብ ይሰጣል። የተስፈኛ ሐኪም ዓይንም እንደ ታካሚው ይሸነገላል።

የዚህ ጥንቃቄ ዋጋ በጣም ጎልቶ የታየው በ2001 ይፋ በሆነ የአሜሪካ ጥናት ነው። ከፅንስ የተወሰዱ ዶፓሚን አመንጪ ሴሎችን ወደ ታካሚ አንጎል መትከል ከዚያ በፊት በጥቂት ሰዎች ላይ ተሞክሮ ብዙ ተወርቶለት ነበር። ተመራማሪዎቹ 40 ታካሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። ግማሾቹ ንቅለ ተከላው ተደረገላቸው፤ የቀሩት ግን የራስ ቅላቸው ተበስቶ የአንጎላቸው ሽፋን ሳይነካ ተዘጋ። ከአንድ ዓመት በኋላ ታካሚዎቹ ራሳቸው ስለ ለውጣቸው በሰጡት ግምገማ በሁለቱ ቡድኖች መካከል ልዩነት አልተገኘም፤ ዕድሜያቸው 60 ወይም ከዚያ በታች በሆኑት ላይ ብቻ አንዳንድ የእንቅስቃሴ መለኪያዎች ተሻሽለው ታዩ። ከጊዜ በኋላ ደግሞ ሴል ከተተከለላቸው ጥቂት ሰዎች ላይ መድኃኒታቸው ሲቀነስ እንኳ የማይቆም ያልተፈለገ የአካል መወራጨት መጣ። ከሁሉም የሚያስደንቀው ተከታዩ ትንታኔ ነው። በእርግጥ የተተከለለት ማን ነው ከሚለው ይልቅ «ተተክሎልኛል» ብሎ ያመነ ማን ነው የሚለው የኑሮ ጥራታቸውን የበለጠ ይወስን ነበር።

የሰውን የራስ ቅል ለማስመሰል ብሎ መብሳት ተገቢ ነውን? ክርክሩ ዛሬም አልበረደም፤ ቀላል ጥያቄም አይደለም። እኔ ወደ አንድ ወገን አደላለሁ። ታካሚዎቹ አስቀድመው በግልጽ ተነግሯቸው ተስማምተዋል። ያ የማነጻጸሪያ ቡድን ባይኖር ኖሮ ጥቅሙ ያልተረጋገጠ፣ ጉዳት ያለበት ቀዶ ሕክምና በሺዎች ለሚቆጠሩ ሰዎች በተሰጠ ነበር። የጥቂቶች መሥዋዕትነት ብዙዎችን አድኗል፤ ስለዚህም ለእነዚያ ተሳታፊዎች ትልቅ አክብሮት አለኝ።

ምልክትን ማስታገስና በሽታን ማዘግየት

የፓርኪንሰን ምርምር ትልቁ ራስ ምታት ሌላ ነው። ሌቮዶፓ ምልክቱን ያስታግሳል፤ የሴሎቹን ሞት ግን አያቆምም። ሁሉም የሚፈልገው የበሽታውን ግስጋሴ የሚያዘገይ መድኃኒት ነው፤ ሁለቱን መለየት ግን እጅግ ያስቸግራል። በ1980ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካና በካናዳ 800 ታካሚዎችን ያሳተፈ ሙከራ ሰሌጂሊን የተባለ መድኃኒት ሌቮዶፓ የሚጀመርበትን ጊዜ እንደሚያራዝም አሳየ፤ ደስታው ትልቅ ነበር። በኋላ ግን መድኃኒቱ ራሱ ምልክትን በመጠኑ እንደሚያስታግስ ታወቀ። እናም በሽታው ዘገየ ወይስ ተሸፈነ? መለየት አልተቻለም። በዚያው ሙከራ የተፈተነው ቫይታሚን ኢ ምንም አልጠቀመም፤ ይህን የምጠቅሰው ዛሬም በቫይታሚን እንክብል ፓርኪንሰንን እናዘገያለን የሚሉ ማስታወቂያዎች ስለማይጠፉ ነው።

ሌላም ዕዳ ነበር። ሌቮዶፓ ራሱ የአንጎል ሴሎችን ይመርዝ ይሆን የሚለው ስጋት ብዙ ታካሚዎች መድኃኒቱን ሳይጀምሩ ለዓመታት እየተንቀጠቀጡ እንዲቆዩ አድርጓል። ለዚህ መልስ ለማግኘት ሁለት ሙከራዎች አስፈልገዋል። በ2004 በወጣው ውጤት ሌቮዶፓ ለ40 ሳምንታት ወስደው ከዚያ ለሁለት ሳምንታት ያቆሙ ሰዎች ማስመሰያውን ከወሰዱት ይልቅ በተሻለ ሁኔታ ላይ ተገኙ፤ የአንጎል ምስላቸው ግን የሚቃረን ነገር አሳየ። በ2019 ደግሞ ሆላንድ ውስጥ 445 ታካሚዎች በዕጣ ተከፍለው ግማሾቹ ወዲያው፣ ግማሾቹ ከ40 ሳምንታት በኋላ ሌቮዶፓ ጀመሩ። በ80ኛው ሳምንት ሁለቱ ቡድኖች እኩል ነበሩ። አስቀድሞ መጀመር በሽታውን አላዘገየም፤ አላፋጠነምም። ለታካሚ ይህ ትልቅ የምሥራች ነው፤ ሌቮዶፓን «እንዳያልቅብኝ» ብሎ መቆጠብ ትርፍ የለውም፤ የሚጀመረው ኑሮን ማወክ ሲጀምር ነው።

የቅርቡን ዘመን ተስፋና ሐዘን ለማየት ኤክሰናታይድን እንውሰድ። ይህ ለስኳር ሕመም የሚሰጥ መርፌ ነው። በ2017 ለንደን ውስጥ 60 ገደማ ሰዎችን ያሳተፈ፣ በዕጣና በስውር የተካሄደ ሙከራ መድኃኒቱ ከተቋረጠ ከሳምንታት በኋላ እንኳ የወሰዱት ሰዎች ከማስመሰያው ቡድን እንደሚሻሉ አሳየ። ጋዜጦች ጮቤ ረገጡ። በ2025 ግን 194 ሰዎችን ለ96 ሳምንታት የተከታተለው ሦስተኛ ምዕራፍ ሙከራ (መድኃኒት ከመፈቀዱ በፊት የሚደረገው ትልቁ ፈተና) ውጤት ወጣ፤ ምንም ጥቅም አልተገኘም። ከዚያ ቀደም በ2022 አልፋ ሲኑክሊን የተባለውን፣ በታካሚዎች የነርቭ ሴል ውስጥ የሚጠራቀመውን ፕሮቲን እንዲያጠፉ የተሠሩ ሁለት ፀረ እንግዳ አካላት፣ እያንዳንዳቸው ከ300 በላይ ሰዎች በተሳተፉበት ሙከራ ዋና ግባቸውን ሳይመቱ ቀርተዋል።

ለምን ይከሽፋል? አንዱ ምክንያት ምርምሩ ዘግይቶ መድረሱ ነው። እጅ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሴሎቹ በብዛት ካለቁ ቆይተዋል። ከላይ ልብ በሉ ያልኩት የማሽተት መቀነስና የእንቅልፍ መታወክ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። እነዚህን ምልክቶች ይዞ ወደ ኋላ በመሄድ በሽታው ከመገለጡ በፊት ሰዎችን ማግኘት ይቻላል። በ2010 የተጀመረውና ለፓርኪንሰን ምርምር በቆመው በማይክል ጄ ፎክስ ፋውንዴሽን የሚደገፈው ዓለም አቀፍ ክትትል የሚሠራው ይህንን ነው። በ2023 ከዚሁ ክትትል ከተገኙ 1,123 ሰዎች የጀርባ አጥንት ፈሳሽ ተወስዶ የተበላሸውን አልፋ ሲኑክሊን የሚያጋልጥ ምርመራ ተደረገ፤ ፓርኪንሰን ካለባቸው ሰዎች 88 በመቶ ገደማ የሚሆኑትን ለየ። ማሽተታቸው ከቀነሰ፣ ገና ግን የመንቀሳቀስ ችግር ከሌለባቸው ሰዎች በብዙዎቹ ላይም ፕሮቲኑ ተገኘ። ይህ ሕክምና አይደለም፤ ቀጣዩ ሙከራ ትክክለኛዎቹን ሰዎች በትክክለኛው ጊዜ እንዲያገኝ የሚረዳ መሣሪያ ግን ነው። እስከዚያው ድረስ የአካል እንቅስቃሴን አንርሳ። በ2018 በወጣ የአሜሪካ ሙከራ 128 ገና መድኃኒት ያልጀመሩ ታካሚዎች ተሳትፈዋል። በሳምንት አራት ቀን በመሮጫ ማሽን ላይ ልባቸው ከአቅሙ 80 እስከ 85 በመቶ እስኪመታ እንዲራመዱ የተመደቡት ሰዎች ሕመም በስድስት ወር ውስጥ ከማነጻጸሪያው ቡድን ያነሰ ተባብሷል።

በዚያው ክሊኒክ፣ ሌላ መንቀጥቀጥ

ወደ እንቅስቃሴ ሕመም ክሊኒክ የሚመጣ ሰው ሁሉ ፓርኪንሰን የለበትም። አንዲት ሴት ቀኝ እጇ በኃይል ይንቀጠቀጣል እንበል። ሐኪሙ በግራ እጇ ጣቶች እርሱ የሚመታውን ምት እየተከተለች እንድትመታ ይጠይቃታል። ግራው ምቱን ሲከተል የቀኝ እጇ መንቀጥቀጥም ይቆማል፣ ወይም ፍጥነቱን ቀይሮ ያንኑ ምት ይይዛል። የፓርኪንሰን መንቀጥቀጥ እንዲህ አያደርግም። ሌላ ሰው ደግሞ እግሩ ዝሏል። ተኝቶ የዛለውን እግር ወደ አልጋው ወደ ታች እንዲጫን ሲጠየቅ አይችልም፤ ጤናማውን እግር ከጫና ጋር ወደ ላይ እንዲያነሣ ሲጠየቅ ግን የዛለው እግር ራሱ ሳይታዘዝ በሙሉ ኃይሉ ወደ ታች ይጫናል። ይህን ምልክት አሜሪካዊው ሐኪም ቻርልስ ሁቨር በ1908 ገልጾታል። መንገዱ አልተበጠሰም፤ ጡንቻውም ነርቩም አለ። የታወከው በፈቃድ ለማንቀሳቀስ ሲሞከር ትእዛዙ የሚደራጅበት አሠራር ነው። ፈንክሽናል የነርቭ መታወክ የሚባለው ይህ ነው፤ በአካል መዛል፣ በመንቀጥቀጥ፣ በአረማመድ መዛባት ወይም የሚጥል በሽታ በሚመስል መውደቅ ይገለጣል።

ሰውየው እያስመሰለ ነው? ይህን ጥያቄ በቁጣም በርኅራኄም የሚጠይቁ ብዙዎች ናቸው፤ ምርምር የሰጠው መልስ ግልጽ ስለሆነ ደግሜ እላለሁ፦ አይደለም። በ2010 የወጣ አንድ ትንሽ ጥናት ያለፈቃድ የሚንቀጠቀጡ ሰዎችን በአንጎል ምስል መሣሪያ ውስጥ አስገብቶ ካየ በኋላ ያንኑ መንቀጥቀጥ አስመስለው እንዲሠሩ ጠየቃቸው። እጁ አንድ ዓይነት ይንቀሳቀሳል፤ አንጎሉ ግን አንድ ዓይነት አልነበረም። በእውነተኛው መንቀጥቀጥ ጊዜ በቀኝ በኩል ያለ፣ «ይህን እንቅስቃሴ ያደረግኩት እኔ ነኝ» የሚለውን ስሜት በመፍጠር የሚሳተፍ የአንጎል ክፍል ሥራው ቀንሶ ተገኘ። ታካሚዎች «እጄ በራሱ ይንቀሳቀሳል» ሲሉ የሚናገሩት የሚሰማቸውን ነው።

እንዴት ሊሆን ይችላል? በጨለማ ደረጃ ስትወርዱ አንድ ደረጃ ቀርቷል ብላችሁ ስታስቡ፣ ደረጃው አልቆ ሳለ እግራችሁ ባዶ ውስጥ ሊገባ ተዘጋጅቶ ወለሉን በድንገት ሲመታ ታውቁታላችሁ። አካል የተንቀሳቀሰው ባለው ደረጃ ሳይሆን በተገመተው ደረጃ ነው። አንጎል ዘወትር የሚሠራው እንዲህ ነው፤ አስቀድሞ ይገምታል፣ ከዚያ ከስሜት ሕዋሳት የሚመጣውን መረጃ ከግምቱ ጋር ያስተያያል። ዛሬ በብዙ ተመራማሪዎች ዘንድ ተቀባይነት ያለው ማብራሪያ በፈንክሽናል ነርቭ መታወክ ውስጥ ግምቱ ከልክ በላይ ይበረታል፣ ትኩረትም ያለማቋረጥ ወደዚያ አካል ይሳባል የሚል ነው። አንጎል «ይህ እግር አይታዘዝም» ብሎ አጥብቆ ስለገመተ እግሩ አይታዘዝም። ትኩረቱ ወደ ሌላ ሲዞር ግምቱ ይላላል፣ እንቅስቃሴውም ይመለሳል። ግምቱን የሚጀምረው ጉዳት፣ ሕመም፣ ድንጋጤ ወይም ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። እናም ሁለቱ ሕመሞቻችን ተገናኙ። በፓርኪንሰን ታካሚ ላይ ተስፋ ዶፓሚን የሚያስለቅቅ፣ በሌላው ላይ ግምት እግር የሚያስር ይህ አንዱ የአንጎል ባሕርይ ነው።

የታሪኩ ክፍል ያሳዝናል። ሻርኮ ራሱ በፓሪሱ ሳልፔትሪየር ሆስፒታል እነዚህን ታካሚዎች፣ ያኔ «ሂስቴሪያ» ይባል የነበረውን፣ እንደ ነርቭ ሕመም አጥንቷል። ከእርሱ በኋላ ፍሮይድ የታፈነ ሥነ ልቦናዊ ግጭት ወደ አካል ምልክት ይለወጣል ሲል ሕመሙ ከነርቭ ሐኪሞች እጅ ወጣ፤ ለአሥርት ዓመታትም «ምንም የለብህም» የሚለውን ቃል የሰሙ ሰዎች በሁለቱ ሙያዎች መካከል ባለ ባዶ ቦታ ወደቁ። በ1965 አንድ እንግሊዛዊ የአእምሮ ሐኪም ምርመራው በአብዛኛው የተሳሳተ ነው ሲል የጻፈው ደግሞ ሐኪሞችን አስፈራ። በ2005 የታተመ ሰፊ ግምገማ ግን ከ1970 ወዲህ የስህተት ምርመራው መጠን 4 በመቶ አካባቢ እንደሆነ አሳየ፤ ይህ ለሌሎች የነርቭ ሕመሞች ከሚታየው የተለየ አይደለም። በስኮትላንድ ከ3,700 በላይ አዳዲስ ታካሚዎችን ያካተተ ጥናት እንዳሳየው ሰዎችን ወደ ነርቭ ሐኪም ከሚያመጡት ምክንያቶች ከራስ ምታት ቀጥሎ ሁለተኛው ይህ ዓይነቱ ችግር ነው። በ2013 የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ የሥነ ልቦና ምክንያት መገኘት አለበት የሚለውን ቅድመ ሁኔታ አነሣ፤ ምርመራው ከዚያ ወዲህ የሚቆመው እንደ ሁቨር ምልክት ባሉ በአካል ላይ በሚታዩ ማስረጃዎች ነው።

አንድ ሰው ሁለቱም ሊኖሩት ይችላል፤ ይህን ሐኪሞችም አንዳንዴ ይዘነጉታል። ፓርኪንሰን ያለበት ሰው በላዩ ላይ ፈንክሽናል መንቀጥቀጥ ሊጨመርበት ይችላል፤ እንዲያውም በአንዳንዶች ፈንክሽናሉ ምልክት ከፓርኪንሰኑ ቀድሞ ይታያል። የዶፓሚን ነርቮችን የሚያሳየው የአንጎል ምስል በፈንክሽናል መንቀጥቀጥ ጤናማ፣ በፓርኪንሰን የተጎዳ ሆኖ ይወጣል። ምስሉ የተጎዳ ሆኖ መውጣቱ ግን ፈንክሽናል ምልክት የለም ማለት አይደለም። ሁለቱ ሕመሞች በአንድ ክሊኒክ፣ በአንድ ባለሙያ ዓይን መታየታቸው የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ፊዚዮቴራፒን በስውር መስጠት አይቻልም

የፈንክሽናል ሕመም ሕክምና የሚጀምረው በማብራሪያ ነው። ጥሩ ሐኪም የሁቨርን ምልክት ለታካሚው ያሳየዋል፦ «እግርዎ አሁን በሙሉ ኃይሉ ሠራ፤ አዩት? መንገዱ ክፍት ነው»። ከዚያ በዚህ ሕመም የሠለጠነ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ትኩረትን ከእግሩ በሚያነሡ መልመጃዎች፣ ለምሳሌ ወደ ኋላ በማስኬድ ወይም በምት በማስኬድ፣ እንቅስቃሴውን እንደገና ያለማምዳል። በብሪታንያ በ2017 የወጣ ትንሽ ሙከራ 60 ሰዎችን አሳትፎ ከአምስት ቀን ልዩ ሕክምና በኋላ በስድስት ወር ውስጥ 72 በመቶዎቹ መሻሻላቸውን፣ በማነጻጸሪያው ቡድን ግን 18 በመቶ ብቻ መሻሻላቸውን ዘገበ። በ2024 የወጣው ትልቁ ሙከራ 355 ሰዎችን መድቦ ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላ በዋናው መለኪያ፣ ማለትም በአካል እንቅስቃሴ መጠይቅ፣ በልዩ ሕክምናውና በተለመደው ፊዚዮቴራፒ መካከል ጉልህ ልዩነት አልተገኘም። ታካሚዎቹ «ተሻለኝ» ሲሉ ግን ልዩ ሕክምናውን ያገኙት በዝተው ተገኙ። የሚጥል በሽታ በሚመስል መውደቅ ለሚሠቃዩ 368 ሰዎች የሥነ ልቦና የምክክር ሕክምና የፈተነው የ2020 ሙከራም ተመሳሳይ ነው፤ የመውደቃቸው ብዛት ከማነጻጸሪያው ቡድን ጉልህ በሆነ መጠን አልቀነሰም፣ የኑሮ ጥራታቸውና የዕለት ተዕለት ሥራቸው ግን ተሻለ።

ከኤክሰናታይድ ጋር ያለውን መመሳሰል አያችሁት? ትንሹ ሙከራ ተስፋ ይሰጣል፣ ትልቁ ያቀዘቅዛል። እዚህ ግን ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። ፊዚዮቴራፒ የተሰጠው ሰው እንደተሰጠው ያውቃል፤ ማስመሰያ ሊሠራለት አይችልም። በፓርኪንሰን ሙከራ ተመራማሪው ሊያጣራው የሚታገለው የግምት ኃይል በዚህ ሕመም የሕክምናው አካል ነው፤ ሕክምናው የሚሠራው የአንጎልን ግምት በማረም ነውና። ታዲያ ምኑን እንለካ? በእኔ እምነት ታካሚው «ወደ ሥራዬ ተመለስኩ» ሲል ያ ቃል ከመጠይቅ ነጥብ በታች መቀመጥ የለበትም። ሆኖም ቃሉን ብቻ ካመንን በሲንሲናቲ መርፌ የተታለለው ዓይን እኛንም ያታልለናል። ሁለቱንም መለካት፣ ሁለቱንም ሳይሸፋፍኑ መዘገብ ይሻላል። የ2024ቱ ሙከራ አዘጋጆች ያልተጠበቀውን ውጤታቸውን በግልጽ ማውጣታቸው ለእኔ ትልቅ ቁም ነገር ነው።

ስለ «አዲስ ፈውስ» ዜና ስታነቡ እንግዲህ ጥያቄዎቹ ቅርብ ናቸው። ስንት ሰዎች ተሳተፉ? የማነጻጸሪያ ቡድን ነበረ ወይ? በዕጣ ተመደቡ? የተለካው ምንድን ነው፣ መድኃኒቱ ከተቋረጠ በኋላስ ተለክቷል? ሙከራ ውስጥ ለመግባት የሚያስብ ታካሚ ደግሞ ማስመሰያ ሊደርሰው እንደሚችል፣ በፈለገ ጊዜ ያለ ምንም ቅጣት መውጣት እንደሚችል፣ ከሙከራው በኋላ ሕክምናውን ማን እንደሚቀጥልለት በስምምነት ፎርሙ ላይ ጽፈው እንዲያሳዩት ይጠይቅ። ሌቮዶፓን ለማንኛውም ምክንያት፣ ለሙከራም ቢሆን፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ በድንገት ማቆም ከባድ ግትርነትና ለሕይወት የሚያሰጋ ትኩሳት ሊያመጣ ይችላል።

አንድ ጥያቄ ደግሞ ከተመራማሪዎቹ ወገን የሚመጣ ነው፤ ከየትኛውም ውጤት ጋር አብሮ ሲታተም ማየት እወዳለሁ። ሙከራው ሲያበቃ፣ ዕጣው ከመገለጡ በፊት፣ እያንዳንዱን ተሳታፊ «የደረሰዎት የትኛው ይመስልዎታል?» ብሎ መጠየቅ ነው። አብዛኞቹ በትክክል ከገመቱ ስውርነቱ አልሠራም ማለት ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ውጤቱን በሌላ ዓይን ማንበብ ይኖርብናል።